ለብስክሌታችን ልብስና ስልቻ

ከመካከላችን የተራራ ብስክሌት የገዛ ተማሪ ሲገኝ መጀመሪያ የሚቀርብለት ጥያቄ «ስንት ማርሽ አለው?» የሚል ነው። ዝናብ ሲመጣ ጭቃውን በምን ትከለክላለህ? ደብተርህንና ስንቅህን የምትጭነውስ በየት ነው? ብሎ የሚጠይቅ የለም። እኛም አልጠየቅንም ነበር። ባለመጠየቃችን ምን እንዳጣን ከዚህ በታች እንናገራለን። የጽሑፋችን ዓላማ ግን የደረሰብንን ለማውራት ብቻ አይደለም፤ ብስክሌት ያላችሁ ወይም ለመግዛት ያሰባችሁ ጓደኞቻችን በጥቂት ገንዘብና በገዛ እጃችሁ ሥራ ብስክሌታችሁን ለደጋው አገር እንድታዘጋጁት ለማመልከት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ገና የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ሳለን፣ በግንቦት መጨረሻ፣ ሦስት ሆነን ከደብረ ታቦር ወደ ጣራ ገዳም በብስክሌት ተጓዝን። ጣራ ገዳም በሊቦ ከምከም ወረዳ፣ ከአዲስ ዘመን ከተማ አጠገብ የሚገኝ ገዳምና ደን ነው። የዙሪያው መሬት ታርሶ ሲራቆት፣ ጥዱና ወይራው እስከ ዛሬ የቆየው በገዳሙ ጥላ ሥር ስለ ሆነ ነው። ለአንድ ትምህርት የቃል ታሪክ እንድንሰበስብ ታዝዘን ነበርና በመንገድም በአካባቢውም ያገኘናቸውን አዛውንቶች እየጠየቅን ሦስት ደብተር ሞላን።

ስንመለስ ወረታ ሳንደርስ ዝናብ ያዘን። ደብተሮቹ የነበሩት በጀርባችን ባዘልነው የጨርቅ ቦርሳ ውስጥ ነው። ከላይ ዝናቡ፣ ከታች የኋላው ጎማ የሚረጨው ጭቃ ቦርሳውን ሲያረጥበው ዋለ። ማደሪያችን ደርሰን ስንከፍተው ከሦስቱ ደብተሮች የሁለቱ ገጾች እርስ በርሳቸው ተጣብቀው ቀለማቸውም ፈስሶ አገኘናቸው። «ግድ የለም፣ ደግመን ሄደን እንጠይቃለን» ተባባልን። ዳሩ ግን ከነገሩን አዛውንቶች አንዱ፣ ከሁሉ ይልቅ ብዙ የተናገሩት አባት፣ እኛ ዳግመኛ ሳንሄድ ዐረፉ። ከእርሳቸው ቃል በእጃችን የቀረው አንድ ገጽ ተኩል ነው። ይህ ሁሉ የሆነው አንድ ቁራጭ ላስቲክና አንድ ደኅና ስልቻ ስላልነበረን ነው።

የተራራ ብስክሌት ስለ ምን ራቁቱን ይሸጣል?

ቀድሞ ለከተማና ለገጠር መንገድ ይሠሩ የነበሩት ብስክሌቶች፣ ለምሳሌ በሻንግሃይ የሚሠራው ፊኒክስ፣ ከፋብሪካ ሲወጡ ፓራፋንጎ (የጭቃ መከላከያ)፣ የሰንሰለት ሽፋንና የዕቃ መጫኛ ተገጥሞላቸው ነበር። የተራራው ብስክሌት ግን አብዛኛውን ጊዜ ይህ ሁሉ የለውም። ምክንያቱን ለማወቅ ወደ ተወለደበት አገር መሄድ ያስፈልጋል።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ አገር፣ በካሊፎርኒያ፣ ከሳን ፍራንሲስኮ ባሻገር በሚገኘው በታማልፓይስ ተራራ አካባቢ አንዳንድ ወጣቶች ወፍራም ጎማ ያላቸውን አሮጌ ብስክሌቶች ይዘው በኮረኮንች ቍልቍለት ይወርዱ ጀመር። ብስክሌቶቹ ከባድ ስለ ነበሩ ፓራፋንጎውንም ሌላውንም ጌጥ ሁሉ ነቅለው ጣሉት። እ.ኤ.አ. በ1976 የጀመሩት እሽቅድምድም «ሪፓክ» ይባል ነበር፤ ትርጓሜውም «እንደ ገና መሙላት» ነው። አንድ ጊዜ ቍልቍለቱን ሲወርዱ በኋላው ፍሬን ውስጥ ያለው ግራሶ በግለት ተቃጥሎ ስለሚያልቅ እንደ ገና መሙላት ግድ ነበርና ነው። ከእነርሱ አንዱ ጆ ብሪዝ እ.ኤ.አ. በ1977 ለዚሁ ሥራ ብቻ የታሰበ ብስክሌት ሠራ፤ እ.ኤ.አ. በ1981 ደግሞ ስፔሻላይዝድ የተባለው ኩባንያ «ስታምፕጃምፐር» የሚባለውን በብዛት አውጥቶ መሸጥ ጀመረ።

እንግዲህ ይህ ብስክሌት የተወለደው ለጨዋታ ነው፤ ያውም በጋው ፍጹም ደረቅ በሆነ አገር። የእኛ አገር ነገር ሌላ ነው። በደብረ ታቦርና በጉና አካባቢ ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናብ ነው፤ ከከተማይቱ ጋራ ስሙን የሚጋራው የደብረ ታቦር በዓል ራሱ ነሐሴ 13 ቀን በጭቃና በጉም መካከል ይከበራል። እኛ ደግሞ ብስክሌት የምንይዘው ለጨዋታ ሳይሆን ለመሄድና ለመጫን ነው። ስለዚህ ካሊፎርኒያ የገፈፈችውን ልብስ መልሰን ማልበስ የእኛ ፈንታ ነው።

አንደኛ፤ ፓራፋንጎ

ፓራፋንጎ በትክክል ለመግጠም ጭቃው እንዴት እንደሚረጭ ማወቅ ይበቃል። ጎማ የያዘውን ጭቃ የሚለቀው ወንጭፍ ድንጋዩን እንደሚለቅ ነው። ድንጋዩ ከወንጭፉ ሲወጣ እየዞረ አይሄድም፤ በቀጥታ ይወነጨፋል እንጂ። እንደዚሁም የፊት ጎማ ከመሬት ከተነሣበት ከበስተኋላው የሚለቀው ጭቃ እግራችንንና ሰንሰለቱን ይመታል፤ ከላዩ የሚለቀው ወደ ፊት ይፈናጠርና እኛው ራሳችን ደርሰን ፊታችንን እንሰጠዋለን። የኋላው ጎማ ደግሞ ወደ ላይና ወደ ፊት ስለሚረጭ ጀርባችንንና ያዘልነውን ሁሉ ያረክሳል።

ከዚህ የሚከተለው ትምህርት ይህ ነው። የኋላው ፓራፋንጎ ከኮርቻው ጀምሮ የጎማውን ጀርባ ማልበስ አለበት፤ እንደ ወፍ ጅራት ወደ ላይ የቆመ አጭር ፕላስቲክ ለመልክ እንጂ ለዝናብ አይሆንም። የፊተኛው ደግሞ ከፊቱ ይልቅ ከኋላው በኩል ዝቅ ማለት አለበት። ጫፉ ላይ ከአሮጌ ከመነዳሪ (ከውስጥ ጎማ) የተቈረጠ ለስላሳ ቁራጭ ጨምሩበትና ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል እስኪቀረው ይውረድ። ድንጋይ ቢነካው ይታጠፋል እንጂ አይሰበርም።

ከጎማው የሚኖረው ርቀት ግን እንደ አፈሩ ይለያል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም በዚህ ነው። በአስፋልት ላይ ብቻ ለሚሄድ ሰው አንድ ጣት ክፍተት ይበቃዋል። የፎገራ ሜዳ ጥቁር አፈር፣ ዋልካው፣ ግን ሌላ ጠባይ አለው። እንደ ሊጥ ይጣበቃል፤ በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል እየተጠቀጠቀ ጎማውን ጨርሶ ያቆመዋል። ስለዚህ ወደ ሜዳው የሚወርድ ሰው ሦስትና አራት ጣት የሚያህል ክፍተት መተው አለበት። አራሹ ወገናችን በክረምት ከእግሩና ከሞፈሩ ጭቃውን በእንጨት እየፋቀ እንደሚሄድ አስተውላችኋል፤ ብስክሌተኛም አንድ ጠፍጣፋ እንጨት በፖርቶ መጋላው ላይ ማሰር አያሳፍረውም።

የፊት ሹካው ሞላ ያለው ከሆነ፣ የድሮውን ዓይነት ባለ ሽቦ ፓራፋንጎ መግጠሚያ ቀዳዳ ብዙውን ጊዜ አይገኝበትም። በዚህ ጊዜ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ በሹካው ራስ ላይ የሚታሰረውን አጭር ፕላስቲክ መግዛት ነው። ሁለተኛው፣ እኛ ያደረግነው፣ አምስት ሊትር የሚይዝ ባዶ የዘይት ጀሪካን በቢላዋ ሰንጥቆ ከጐኑ ሃያ ሳንቲ ሜትር በአርባ የሚያህል ቁራጭ ማውጣት ነው። ጠርዙን በድንጋይ አለስልሱት፤ በጋለ ሚስማር አራት ቀዳዳ ብሱት፤ ከመሪው ወደ ፔዳሉ በሚወርደው ወፍራም ብረት ሥር በፕላስቲክ ማሰሪያ እሰሩት። መልኩ አያምርም፤ እግርንና ሰንሰለትን ግን ያድናል።

አሁን ስለ አደጋው እንናገር። በዚያው ጕዞ ከሦስታችን አንዱ የፊት ፓራፋንጎ ነበረው፤ ነገር ግን ብሎኑ ላልቶ ሳያየው ቀረ። ከዓለም በር ወደ ወረታ በሚወርደው ቍልቍለት ላይ ፓራፋንጎው ተንሸራቶ በጎማውና በሹካው መካከል ገባ። የፊት ጎማ በድንገት ሲቆም ብስክሌቱ አይቆምም፤ በጎማው ላይ ይገለበጣል። ጓደኛችን በመሪው ላይ ተሻግሮ ወደቀ፤ የእጁ አንጓም ተሰበረ። የራስ ቍር ባያደርግ ኖሮ ይህን ጽሑፍ በዚህ መንፈስ አንጽፈውም ነበር። ስለዚህ የፊት ፓራፋንጎ የምትገጥሙ ሁሉ እያንዳንዱን ብሎን ከሮንዴላና ከማይላላ ዳዶ ጋራ እሰሩ፤ ከመነሣታችሁ በፊትም በእጃችሁ ነቅንቁት። ደኅና አድርጎ የማይታሰር ፓራፋንጎ ከመያዝ ጨርሶ ባይኖር ይሻላል። መጭቀየት ያሳፍራል እንጂ አይገድልም።

ሁለተኛ፤ የብረቱና የሰንሰለቱ ጥበቃ

በኮረኮንች ላይ ሰንሰለቱ እየዘለለ ከኋላ ያለውን ብረት ይደበድባል፤ ቀለሙ ሲላጥ ዝገቱ ይጀምራል። አሮጌ ከመነዳሪ በርዝመቱ ሰንጥቃችሁ በብረቱ ላይ እንደ መቀነት ጠምጥሙትና ጫፉን እሰሩት። በአንድ ጊዜ ብረቱም ይጠበቃል፣ ጩኸቱም ይጠፋል።

ከዝናብ ስትመለሱ ሰንሰለቱን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉትና ከዚያ በኋላ ጥቂት ቀጭን ዘይት አድርጉበት፤ የተረፈውንም ደግማችሁ ጥረጉ። ዘይት ሲበዛ አሸዋ ይስባል፤ አሸዋና ዘይት ሲገናኙ እንደ ሞረድ ሆነው ጥርሱን ይበሉታል። ጭቃውን ለማጠብ ብላችሁም የመኪና ማጠቢያ ኃይለኛ ውሃ በጎማውና በፔዳሉ መሐል አታነጣጥሩ። ውሃው ወደ ኩሽኔታው ይገባና ግራሶውን ያስወጣዋል። ባልዲና ጨርቅ ይበቃል።

ሦስተኛ፤ ፖርቶ መጋላ

ዕቃን በጀርባ ማዘል ለአጭር መንገድ እንጂ ለረጅም አይሆንም። ጀርባን ያልባል፣ ሚዛንን ወደ ላይ ያነሣል፣ ሲወድቁም ሸክሙ አብሮ ይወድቃል። የተሻለው ከኋላ ጎማ በላይ የዕቃ መጫኛ ማድረግ ነው።

በመጀመሪያ ብስክሌታችሁን መርምሩ። የኋላው ጎማ በሚታሰርበት ቦታ አጠገብና ከኮርቻው ሥር ባለ ጥርስ ቀዳዳ ካለው መጫኛው በቀጥታ በብሎን ይታሰራል። ቀዳዳ ከሌለው ብረቱን የሚያቅፍ ቀለበት መሳይ ማሰሪያ ይገኛል፤ ከሥሩ የከመነዳሪ ቁራጭ አድርጋችሁ እሰሩት፤ እንዳይንሸራተትም ቀለሙን እንዳይልጥም ይጠቅማል። ብሎኖቹን ስታጠብቁ መጠን ይኑራችሁ። አሉሚኒየም ለስላሳ ነው፤ ከልክ በላይ ያጠበቀው ሰው ጥርሱን ይበላዋል። ፍሬኑ የዲስክ ዓይነት ከሆነ የመጫኛው እግር እንዳይነካው መስፋት አለበት፤ ይህንንም ሳትገዙ በፊት በብስክሌቱ ላይ አስጠግታችሁ እዩት።

የሱቁ መጫኛ ከተወደደባችሁ ብየዳ ቤት በቀጭን ፌሮ ይሠራላችኋል። ከባድ ይሆናል፤ ነገር ግን ጠንካራ ነው፤ ቢሰበርም በየከተማው የሚበይድ አይጠፋም። አንድ ነገር ግን አጥብቀን እንለምናችኋለን፤ መጫኛውን በብስክሌቱ ብረት ላይ አታስበይዱ። እሳቱ ብረቱን ያደክመዋል፤ አሉሚኒየም ከሆነ ደግሞ ጨርሶ ያበላሸዋል። ለብቻው ይሠራ፣ በብሎን ይታሰር።

ስለ ክብደት፤ ብዙዎቹ የሱቅ መጫኛዎች የሚችሉት እስከ 25 ኪሎ ግራም ነው፤ በላያቸው ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ይህ ቁጥር ጓደኛን አፈናጦ ለመሄድ የተሰጠ ፈቃድ እንዳልሆነ አስተውሉ። ደግሞም ከደብረ ታቦር እስከ ወረታ ከ40 ኪሎ ሜትር በጥቂት በሚበልጥ መንገድ ውስጥ ወደ 900 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ እንወርዳለን። በጫንነው መጠን ፍሬኑ ይደክማል። የፍሬኑን ላስቲክ ሳያይ ጭነት የሚጨምር ሰው መውረዱን እንጂ መቆሙን አላሰበም።

አራተኛ፤ ስልቻው

በአህያ የሚጭኑ ነጋዴዎች ከእኛ ይልቅ ይህን ትምህርት ያውቃሉ። ጭነቱ በሁለት ወገን እኩል ይሆናል፣ ከባዱ ከታች ይሆናል፣ የሚንጠለጠል ነገር አይተውም። በብስክሌትም እንዲሁ ነው። ከባዱን፣ መጽሐፉንና ስንቁን፣ ከታችና ወደ ፊት አስጠግታችሁ ጫኑት፤ ብርድ ልብሱ ከላይ ይሁን። ጭነቱ ሁሉ ከኋላ ከሆነ በአቀበት ላይ የፊቱ ጎማ ይቀልላል፣ መሪውም ይዋልላል፤ ስለዚህ ቀላል ዕቃ፣ ጋቢን የመሰለ፣ በመሪው ላይ ጠቅልሎ ማሰር መልካም ነው። የፍሬኑን ሽቦ ግን እንዳይጫን ተጠንቀቁ።

ስለ ቦርሳው አሠራር መምህራችን የሆነው ሱቅ አይደለም፤ ጣራ ገዳም ነው። ጠፍተው የቀሩትን ደብተሮች ነገር ኋላ ለአንድ መነኵሴ ስንነግራቸው «ልጆቼ፣ ማኅደር የላችሁም?» አሉን። ማኅደር የብራና መጽሐፍ የሚያድርበት የቆዳ ቤት መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ልክ በመጽሐፉ መጠን ይሰፋል፤ ክዳኑ ከላይ ወርዶ አፉን ያለብሰዋል፤ በማንገቻው ይንጠለጠላል። አባቶቻችን ከደብር ወደ ደብር፣ በዝናብም በፀሓይም፣ ብራናውን ያሻገሩት በዚህ ነው። እኛ በየጓሮው የኖረውን ጥበብ ሳናይ በጨርቅ ቦርሳ ታሪክ ልንሰበስብ ወጣን!

ከዚያ በኋላ የሠራነው ስልቻ ይህን የተከተለ ነው። ሁለት የማዳበሪያ ከረጢት ወሰድን፤ በውስጡ ወፍራም ላስቲክ አደረግንበት፤ አንድ ጫማ ሰፊ በጠንካራ ክር ሰፋልን። ክዳኑ አፉን አልፎ አንድ ስንዝር ወደ ታች እንዲወርድ ተደረገ፤ ውሃ ወደ ላይ አይወጣምና። የውስጡ ላስቲክ አፍ ሦስት ጊዜ ይጠቀለላል። በጎማው ወገን ባለው ጐን ከጀሪካን የተቈረጠ ጠንካራ ፕላስቲክ አስገባንበት፤ ይህ ባይኖር ስልቻው ይታጠፍና ወደ ራጂዎቹ ይገባል። ሲሰቀልም ተረከዛችን ፔዳል ስንመታ እንዳይነካው ጥቂት ወደ ኋላ አስጠጋነው። ደብተሮቹ ደግሞ በስልቻው ውስጥ ለብቻቸው በሌላ ላስቲክ ታስረው ይቀመጣሉ። እንግዲህ ውሃው ሦስት በር መስበር አለበት ማለት ነው።

በብስክሌቱ መካከል ባለው ባለ ሦስት ማዕዘን ክፍት ቦታ ትንሽ ከረጢት እሰሩ። በውስጡም መለዋወጫ ከመነዳሪ፣ መለጠፊያና ማስቲሽ፣ ትንሽ ፓምፕ፣ መፍቻዎችና ጥቂት ትርፍ ብሎኖች ይኑሩ። ከከተማ ርቆ ጎሚስታ አይገኝም። በመጨረሻም የማሰሪያው ጫፍ ሁሉ ተጠቅልሎ ይታሰር። ነጠላ ወይም ጋቢ የለበሰም ዘርፉን ይሰብስብ፤ ጎማ የያዘውን ጨርቅ ለቆ አያውቅም።

ከመነሣት በፊት

ሁሉ ከታሰረ በኋላ ብስክሌቱን ከነጭነቱ አንድ ስንዝር ከመሬት አንሥታችሁ ልቀቁት። የሚንኳኳ ነገር ካለ ያልታሰረ ነገር አለ። ሁለቱንም ጎማዎች አሽከርክሩና የሚፋጭ እንዳለ አድምጡ። ጭነቱን እንደ ጫናችሁ በአጭር ቍልቍለት ላይ ፍሬናችሁን ሞክሩ። አሥር ኪሎ ሜትር ከሄዳችሁ በኋላም ቆማችሁ ብሎኑን ሁሉ እንደ ገና አጥብቁ፤ አዲስ ብሎን በመጀመሪያው ጕዞ መላላቱ አይቀርምና።

በዚህ ጽሑፍ የዘረዘርነው ሥራ ሁሉ የእጅ ሥራ ነው። የሥነ ጽሑፍና የታሪክ ተማሪ ከመፍቻና ከግራሶ ምን አገናኘው? የሚሉን ጓደኞች አሉ። መልሳችን ሩቅ አይደለም። ከደብረ ታቦር ጥቂት ወጣ ብሎ ጋፋት ይገኛል። ዐፄ ቴዎድሮስ የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው «ሴባስቶፖል» የተባለውን ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝን መድፍ ያሠሩት በዚያ ነው፤ በ1860 ዓ.ም. መንገድ እየተጠረገለት እስከ መቅደላ የተጎተተውም ከዚሁ አገር ተነሥቶ ነው። እኛ የዚያን ታሪክ ለፈተና እናጠናለን፤ ብረት የሚቀጠቅጠውን ሰው ግን «ቀጥቃጭ» ብሎ የመስደብ ልማድ እስከ ትናንት አብሮን ኖረ። ታሪክን ለማዳን ብዕር ብቻ አልበቃንም። ጫማ ሰፊው፣ በያጁና የማኅደሩ ሰፊ ባሉበት መማር ያስፈልገናል።

ስለዚህ ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። መፍቻ፣ ፓምፕ፣ መለጠፊያና ግራሶ የያዘ አንድ የጋራ ሣጥን ይግዛ፤ ከክረምቱ መግቢያ በፊት አንድ ቅዳሜ ለዚህ ሥራ ይመደብ። የምናውቀውን ለማሳየት እኛ እንመጣለን። የእጁ አንጓ የተሰበረው ጓደኛችንም ድኗልና ብሎን የማጥበቁን ትምህርት እርሱ ይስጥ ብለናል።

ሦስተኛው ደብተር ዛሬም በእጃችን አለ። በዚያ ውስጥ ያለው አንድ ገጽ ተኩል የአባታችን ቃል በመካከሉ ይቋረጣል፤ ቀጥሎ ያለውን የሚነግረን የለም። መጥኖ መደቆስ ቀድሞ ነበር። እናንተ ግን ገና ጊዜ አላችሁ፤ ብስክሌታችሁን ክረምቱ ሳይገባ አልብሱት።